ክሊፎርድ ሻል፤ በአቶሞች መካከል የማግኔትን ሥርዓት ያየ ሰው

በትምህርት ቤት መጽሔቶች የነገሥታት፥ የጦር አለቆችና የአገር አሳሾች ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፎ እናነባለን። እኔ በዚህ ዓመት ልጽፍላችሁ የመረጥሁት ግን ጦር ያልመራ፥ አዲስ አገርም ያላገኘ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው በእፍኝ በሚያዝ አረንጓዴ ዱቄት ውስጥ ከእርሱ በፊት ማንም ያላየውን ሥርዓት አየ። ስሙም ክሊፎርድ ሻል ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች፥ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ሻል የተወለደው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1915፥ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 1908 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ፥ ብረት በማቅለጥ በታወቀችው በፒትስበርግ ከተማ ነው። ለወላጆቹ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረ። አባቱ ዴቪድ ሻል የብረታ ብረት ዕቃ የሚሸጥበትና ቤት የማደስ ሥራ የሚሠራበት አነስተኛ ንግድ ነበረው። ልጁ በመጀመሪያ ያሰበው የአውሮፕላን መሐንዲስ ለመሆን ነበር፤ ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመጨረሻው ዓመት ፊዚክስ ያስተማረው መምህር ትምህርቱን በሚገባ የሚያውቅና የሚያስወድድ ሰው ስለ ነበረ፥ የልጁ አሳብ ወደዚያው አዘነበለ።

በ1933 በዚያው በፒትስበርግ ወደሚገኘው ወደ ካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ገባ። ከትምህርቱ ክፍያ ከፊሉ በነፃ ተሰጥቶት ነበር። ዓመቱ ሳይፈጸም ግን አባቱ በድንገት ሞተ። ዘመኑ በአሜሪካ የኑሮ ችግር የበረታበት፥ ብዙ ሰው ሥራ አጥቶ የሚንከራተትበት ጊዜ ነበረና፥ የንግዱ መዘጋት የትምህርቱ መዘጋት ሊሆን ነበር። ይህን ያዳነው ታላቅ ወንድሙ ፔሪ ነው። ፔሪ የራሱን አሳብ ለጊዜው ትቶ፥ ታናሽ ወንድሙ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ የአባቱን ሥራ ይዞ ቈየ። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ስለ ሻል ሳይሆን ስለ ወንድሙ ብዙ አሰብሁ፤ የፔሪ ስም በፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ የትም አይገኝምና።

ሻል በ1937 ከተመረቀ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በ1941 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በዚያ የሠራው ጥናት ስለ ኤሌክትሮን ስፒን ነው። ስፒን ማለት ኤሌክትሮን፥ ፕሮቶንና ኒውትሮን ከተፈጥሮአቸው ያላቸው፥ እንደ እንዝርት መሽከርከርን የሚመስል ጠባይ ነው፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዳቸው እንደ ጥቃቅን ማግኔት ይሆናሉ። ይህ ስፒን የተባለው ነገር ሻልን በሥራ ዘመኑ ሁሉ አልተለየውም። በዚያው በ1941 ከደቡብ ካሮላይና የመጣችውን፥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ የነበረችውን ማርታ ኑዌል ሰመርን አገባ፤ ሦስት ወንዶች ልጆችም ወለዱ።

ከዚህ በኋላ ቴክሳስ ካምፓኒ ለተባለው የነዳጅ ኩባንያ በቢከን ከተማ ተቀጠረ። በዚያ ራጅ የተባለውን ጨረር እየተጠቀመ፥ ለአውሮፕላን ነዳጅ መሥሪያ የሚያገለግሉትን ካታሊስቶች ይመረምር ነበር። የዘመኑ ታላላቅ የፊዚክስ ሰዎች ወደ ምሥጢራዊው የአቶም ሥራ ሲሰበሰቡ እርሱም ተጠርቶ ነበር፤ ለመሄድም ፈልጎ ነበር። ኩባንያው ግን ለጦርነቱ የሚያስፈልግ ሥራ በእጁ አለ ብሎ ስለ ተቃወመ በቢከን ቀረ። በዚያን ጊዜ ይህ ዕድል ያመለጠው መስሎት ይሆናል፤ ነገር ግን ራጅ በክሪስታል አቶሞች ላይ አርፎ እንዴት እንደሚበተን በሚገባ የተማረው በእነዚያ አምስት ዓመታት ነው። ያለዚያ ትምህርት በኋላ የሠራውን ሊሠራ ባልቻለ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 ሚስቱንና ትንሹን ልጁን ይዞ በቴኔሲ ወደምትገኘው ወደ ኦክ ሪጅ ሄደ። ኦክ ሪጅ በጦርነቱ ጊዜ በምሥጢር የተቈረቈረች ከተማ ናት። ብዙዎቹ ሠራተኞች ምን እንደሚሠሩ እንኳ አልተነገራቸውም ነበር። በዚያ ኖቬምበር 4 ቀን 1943 ሥራ የጀመረ፥ ከግራፋይት ጡቦችና ከዩራኒየም የተሠራ ሬአክተር ነበረ። የተሠራበትም ምክንያት ፕሉቶኒየም የተባለው የቦምብ ንጥረ ነገር እንዴት እንደሚመረት ለመማር ነው። ሁለት ሜትር ያህል ውፍረት ባለው በኮንክሪት ግንቡ ላይ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ በእነርሱም በኩል የኒውትሮን ጨረር ይወጣል።

ከቀዳዳዎቹ በአንዱ ፊት ኤርነስት ዎላን ሻልን ቀድሞ ቆሞ ነበር። ዎላን በ1902 የተወለደ፥ ከሻል በዐሥራ ሦስት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። በዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ የመጀመሪያው የአቶም ሬአክተር ሥራ ሲጀምር ከተገኙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበረ። ሻል በደረሰ ጊዜ ዎላን ለራጅ ተሠርቶ የነበረውን መሣሪያ ለኒውትሮን እንዲሆን ለውጦ፥ የመጀመሪያዎቹን መለኪያዎች አድርጎ ነበር። ሁለቱም ተባብረው ይሠሩ ጀመር።

እዚህ ላይ አንባቢዎቼ ጥቂት ይታገሡኝ፤ ኒውትሮን ለምን እንደ ተፈለገ ካልተረዳ የሰውዬው ታሪክ አይገባምና። ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ያገኘው ኒውትሮን የአቶም እምብርት የሆነው የኑክሊየስ ክፍል ነው። ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ስላልሆነ በቁስ አካል ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ደግሞም እንደ ሌሎቹ ጥቃቅን ነገሮች ሁሉ የሞገድ ጠባይ አለው። በሬአክተሩ ግራፋይት ውስጥ ተንገዋልሎ ፍጥነቱ ሲበርድ፥ በሴኮንድ ወደ 2,200 ሜትር ሲሆን፥ የሞገዱ ርዝመት በክሪስታል ውስጥ አንዱ አቶም ከሌላው ከሚርቀው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ልክ እንደ ራጅ በክሪስታል ላይ ሲያርፍ ወደ ሁሉ አቅጣጫ እኩል አይበተንም፤ በታወቁ ማዕዘኖች ላይ ይበረታል፥ በሌሎቹ ይጠፋል። ከነዚያ ማዕዘኖች ተነሥቶ የአቶሞቹን አሰላለፍ ማስላት ይቻላል። መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ክሪስታል ከጨረሩ ውስጥ አንድ ዐይነት የሞገድ ርዝመት ያላቸውን ኒውትሮኖች ይመርጣል፤ እነዚያ ወደሚመረመረው ዱቄት ይሄዳሉ፤ በዙሪያው የሚዞር ቈጣሪም በየማዕዘኑ የሚመጡትን ይቈጥራል። ጨረሩ ደካማ ስለ ነበረ ሥራው ብዙ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

በራጅና በኒውትሮን መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ራጅ የሚያየው ኤሌክትሮኖችን ስለ ሆነ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያለው ሃይድሮጂን በከባድ አቶሞች መካከል ይሰወርበታል። ኒውትሮን ግን ከኑክሊየስ ጋር ስለሚጋጭ ሃይድሮጂንን ያያል። ችግሩ የሃይድሮጂን ኑክሊየስ ራሱ ስፒን ያለው መሆኑ ነው። የኒውትሮኑና የፕሮቶኑ ስፒን በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑና ተቃራኒ ሲሆኑ የግጭቱ መጠን እጅግ ይለያያል፤ የፕሮቶኖቹም ስፒን ያለ ሥርዓት የተዘበራረቀ ስለ ሆነ ኒውትሮኖቹ እንዲሁ በከንቱ ይበተኑና የሚፈለገውን ምልክት ይሸፍኑታል፤ በገበያ መካከል የሰውን ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው። ሻልና ባልደረቦቹ ይህን ጩኸት ለመቀነስ በተራው ሃይድሮጂን ፈንታ ዲውቴሪየም የተባለውን ከባድ ሃይድሮጂን ተጠቀሙ። በ1949 ከከባድ ውኃ የተሠራ በረዶ መርምረው የሃይድሮጂኑ አቶሞች የት እንደሚቀመጡ አሳዩ፤ ሊነስ ፖውሊንግ በ1935 በአሳብ ብቻ የደረሰበትም ትክክል መሆኑ ታወቀ።

አሁን ወደዚያ አረንጓዴ ዱቄት እንምጣ። ዱቄቱ የማንጋኒዝና የኦክስጅን ውህድ የሆነው ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው። እያንዳንዱ የማንጋኒዝ አቶም በኤሌክትሮኖቹ ስፒን የተነሣ ብርቱ ማግኔት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ማግኔት የተሰበሰበበት ዱቄት ሚስማር አያነሣም። በጣም ሲቀዘቅዝም እንደ ብረት ማግኔት አይሆንም፤ ከዜሮ በታች 153 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን በውስጡ አንድ ለውጥ እንደሚደረግ ከሌሎች መለኪያዎች ታውቆ ነበር። ሉዊ ኔል የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ከ1930ዎቹ ጀምሮ፥ በእንደዚህ ያሉ ነገሮች ውስጥ ጎረቤታሞቹ አቶሞች አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየሆኑ እርስ በርሳቸው ይሻራሉ የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ቡድኖች ገመድ ሲጓተቱ ገመዱ ወዴትም እንደማይሄድ ማለት ነው። አሳቡ ያማረ ነበር። ነገር ግን ገመዱ ካልተንቀሳቀሰ የሚጎትት ሰው መኖሩን በምን ማወቅ ይቻላል?

ነገሩን በሌላ ምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ሜዳ ዙሪያ እኩል ተራርቀው የተተከሉ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች አሉ እንበል። አንዱ ቀይ፥ ቀጥሎ ያለው ነጭ፥ ከዚያም ቀይ፥ ከዚያም ነጭ ተቀብቷል። ቀለም ለማይለይ ሰው ቋሚዎቹ ሁሉ አንድ ዐይነት ናቸው። ቀለም የሚለይ ሰው ግን ሥርዓቱ የሚደገመው በየሁለት ቋሚው መሆኑን፥ ርቀቱም እጥፍ መሆኑን ያያል። ራጅ ቀለም እንደማይለየው ሰው ነው። ኒውትሮን ግን ራሱ ማግኔት ስለ ሆነ የአቶሞቹን ማግኔት አቅጣጫ ይለያል።

ሻል ከሳሙኤል ስማርት ጋር ሆኖ ዱቄቱን መጀመሪያ በተራ ሙቀት መረመረው። አቶሞቹ ባሉበት አሰላለፍ መሠረት በሚጠበቁት ማዕዘኖች ላይ ምልክት ታየ። ከዚያ በኋላ ዱቄቱ ከዜሮ በታች ወደ 193 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። ቈጣሪው ወደ ትንንሾቹ ማዕዘኖች ሲዞር፥ ምንም ሊኖር በማይገባበት ስፍራ ብርቱ ምልክት ተነሣ። ስሌቱ ሲሠራ በራጅ 4.43 አንግስትሮም የነበረው የድግግሞሽ ርቀት በኒውትሮን 8.85 አንግስትሮም፥ ማለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። (አንድ አንግስትሮም የሜትር ዐሥር ቢሊዮንኛ ነው።) አጥሩ በእርግጥ በሁለት ቀለም ተቀብቶ ኖሯል። በአንድ ንጣፍ ላይ ያሉት የማንጋኒዝ አቶሞች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፥ በሚቀጥለው ንጣፍ ያሉት ወደ ተቃራኒው ተሰልፈዋል። ሻልና ስማርት ይህን በ1949 አሳተሙ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ በውስጡ ያለው ሥዕል ግን፥ የቀዘቀዘው መስመር ከላይ የሞቀው ከታች ሆኖ፥ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በማግኔት መጻሕፍት ውስጥ ይታተማል። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የሳይንስ ሥዕሎች ይህን ያህል ነገሩን ያለ ቃል የሚናገር አላጋጠመኝም።

በ1951 ደግሞ ሻልና ዎላን ከሌሎች ጋር ሆነው የብረትን፥ የኮባልትንና የኒኬልን ኦክሳይዶች ጨምረው አጠኑ። ከዚያም የጥንት ሰዎች ያውቁት የነበረውን፥ የተፈጥሮ ማግኔት የሆነውን ማግኔታይት የተባለ ጥቁር ድንጋይ መረመሩ። ይህ ድንጋይ ሚስማር ያነሣል፤ ታዲያ አቶሞቹ ይሻራሩ እንደ ሆነ እንዴት ያነሣል? ኔል በ1948 መልስ ሰጥቶ ነበር። በማግኔታይት ውስጥ ከየሦስቱ የብረት አቶሞች አንዱ በአንድ በኩል፥ ሁለቱ በሌላ በኩል ይጎትታሉ። ጉልበታቸውን በቍጥር ብናስቀምጠው በአንድ ወገን 5፥ በሌላው ወገን 9 ነው፤ የሚተርፈው 4 ሚስማሩን ያነሣል። ኒውትሮኑም ይህ እውነት መሆኑን መሰከረ። ከዚያ በፊት ሰው ይህን ድንጋይ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በእጁ ይዞ ሲደነቅበት ኖሯል።

ሻል በ1955 ከኦክ ሪጅ ወጥቶ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1986 ጡረታ እስኪወጣም በዚያ አስተማረ። በዚህ ዘመን ከሠራቸው ሥራዎች አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ሁሉም ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ጠባይ የለውም ብሎ ያምን ነበር፤ እርሱ ግን በእውነት የለውም ወይ ብሎ በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር እጅግ በረቀቀ መለኪያ መረመረው። ምንም አልተገኘበትም። የታወቀ ነገር እንደ ገና መመርመር ለአንዳንዱ የጊዜ ማባከን ይመስለዋል፤ ለእኔ ግን የሰውዬውን ጠባይ ከሽልማቱ ይልቅ የሚያሳየኝ ይህ ነው።

በዚያው ጊዜ በካናዳ ቾክ ሪቨር በተባለ ስፍራ በርትራም ብሮክሃውስ ሌላውን ግማሽ ይሠራ ነበር። ሻል አቶሞቹና ማግኔታቸው የት እንዳሉ ጠየቀ፤ ብሮክሃውስ ደግሞ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ጠየቀ። አንዱ ትንሽ ማግኔት ሲናወጥ ጎረቤቱን ያናውጣል፥ ያም ሌላውን፤ ነፋስ በጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ እንደሚታየው ሞገድ ይሆናል። ኒውትሮን ይህን ሞገድ ሲቀሰቅስ ከጉልበቱ ጥቂት ያጣል፤ ያጣውን በመለካት ሞገዱ ይታወቃል። ብሮክሃውስ በ1957 ይህን በዚያው በማግኔታይት ውስጥ አሳየ። ከብዙ ዓመት በኋላም መሣሪያው ረቅቆ፥ የኤሌክትሮን ቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ያህል የሆነች የጉልበት ለውጥ መለካት ሲቻል፥ ተመራማሪዎች የኤሌክትሮኖቹን ብቻ ሳይሆን የኑክሊየሶቹን ስፒን መናወጥ ተመለከቱ፤ ለምሳሌ ኒዮዲሚየም፥ መዳብና ኦክስጅን ባሉበት የማግኔት ኦክሳይድ ውስጥ። ሻል በሃይድሮጂን ሥራው ላይ እንደ ጩኸት የተዋጋው የኑክሊየስ ስፒን በነዚህ ሰዎች እጅ ራሱ የሚደመጥ ድምፅ ሆነ።

በ1994 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ለሻልና ለብሮክሃውስ ተሰጠ። ሻል የ79 ዓመት ሽማግሌ ነበረ፤ የማንጋኒዙ ሥራ ከታተመ 45 ዓመት ሆኖታል። አሳቡን ያመነጨው ኔል በ1970 ተሸልሞ ነበር። ነገሩን እንዲታይ ያደረጉት ሰዎች ይህን ያህል ለምን እንደ ቈዩ በበኩሌ አልገባኝም። መዘግየቱም ያለ ጉዳት አላለፈም። የኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች ሊከፈል ይችላል፥ ለሞተ ሰው ግን አይሰጥም። ኤርነስት ዎላን በ1984 ዐርፎ ነበር። ሽልማቱ ለሁለት ሰዎች ተሰጥቶ ሦስተኛው ስፍራ ባዶ ቀረ። ሻል ራሱ ይህን አልሸሸገም። ሥራው እንዴት እንደ ተጀመረ ሲተርክ የዎላንን ድርሻ ተናገረ፤ ከእርሱ ጋር ለመካፈል ዎላን በሕይወት ባለመኖሩም ማዘኑን ገለጠ።

ክሊፎርድ ሻል ማርች 31 ቀን 2001 በማሳቹሴትስ በሜድፎርድ ከተማ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። የኦክ ሪጁ ሬአክተር በ1963 ሥራውን አቁሞ በ1965 በአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ዎላንና ሻል ቈጣሪያቸውን ይዘው ይቆሙበት የነበረው ባለ ቀዳዳው የኮንክሪት ግንብ ዛሬም በቦታው አለ።